ሳቢያን ላይ «የአንጀት ባክቴሪያ ነፃ ምርመራ» የሚል ባነር ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ

የድሬ ሰዎች፣ በተለይ ጨጓራ ያለባችሁ፣ ይሄን አንብቡልኝ። ነገሩ የተገለጠልኝ ገና ትናንት ነው። ንዴቴ አልበረደም፤ አነጋገሬ ቢጎረብጣችሁ ታገሱኝ።

የቤቱን ስም አልጠራም። ስም ባይጠራም ታውቋቸዋላችሁ። ነጭ ጋውን የለበሱ ልጆች፣ ግድግዳው ላይ የአንጀት ስዕል፣ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕና በገመድ የተያያዘ የብረት ዘንግ። ዘንጉን ትጨብጣላችሁ፣ ስክሪኑ ላይ ቀይና አረንጓዴ ይሯሯጣል፣ ከዚያ ጉበታችሁም፣ ኩላሊታችሁም፣ አጥንታችሁም በወረቀት ታትሞ ይወጣል። ምርመራው እውነትም ነፃ ነው። ከወረቀቱ በኋላ የሚመጣው ነው ነፃ ያልሆነው። ድሮ የሚያወሩት ስለ ጉበትና ስለ «መርዝ» ነበር። አሁን ወሬው ሁሉ ባክቴሪያ ሆኗል።

እኔን የወሰደኝ የሆድ መነፋት ነው። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶብኝ ሁለት ሳምንት አንቲባዮቲክ ወስጄ ነበር። ቃሩ ተወኝ፣ ሆዴ ግን ከዚያ ወዲህ አልተስተካከለም። ሽሮ ስበላ ይነፋል፣ ሳልበላ ይጮኻል። ይሄን ስነግራት ጋውን የለበሰችው ልጅ ፊቷ በራ። «እናቴ፣ አንቲባዮቲኩ ጥሩ ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎች ጨርሶብሽ ነው!»

የሚያናድደው ደግሞ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አለመሆኑ ነው። አንጀታችን ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፣ አብዛኞቹ ትልቁ አንጀት ውስጥ ናቸው። ያልተፈጨውን የምግብ ገለባ (ፋይበር የሚሉትን) እያብላሉ የአንጀትን ግድግዳ ይመግባሉ። አንቲባዮቲክ ደግሞ ጎጂውን ከጠቃሚው አይለይም። ስለዚህ ከመድኃኒት በኋላ ሆድ ቢረበሽ ያለ ነው። እስከዚህ ድረስ ልጅቷ እውነቷን ነው። ውሸቱ የሚጀምረው ብረቱ ላይ ነው። አንጀት ውስጥ ያለ ባክቴሪያ በመዳፍ አይቆጠርም። የሚጠናው ከሰገራ ነው። እሱም ቢሆን «ሚዛንሽ ይሄን ያህል ወርዷል» ብሎ መድኃኒት ለማዘዝ የሚያበቃ፣ ሐኪሞች የተስማሙበት መለኪያ እስካሁን የለም።

ፓኬጁን 9,800 ብር ገዛሁት። የባክቴሪያ እንክብል፣ የሆድ ማጠቢያ ሻይና የፋይበር ዱቄት። ደረሰኝ የለም፣ «ሲስተም ወድቋል» ነው መልሱ። ሻዩን የጠጣሁ ማታ ሽንት ቤት አደርኩ። ሆዴን ቆረጠኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ስደውልላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ጎሽ! ቆሻሻው እየወጣልሽ ነው።» እኔም ጠጣሁ። ጨረስኩ።

ትናንት ከሰዓት፣ ከተማው ከበርጫው ገና ሲነሳ፣ ለውጡን ለማየት ተመልሼ ሄድኩ። ያው ልጅ፣ ያው ወንበር። ዘንጉን ሰጠችኝ፣ ጨበጥኩ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት፣ ከሐረር። ስልኩ ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበር ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆዋ አጠገብ አስቀመጥኩትና መበርበር ያዝኩ። አገኘሁት። «ቆይ መልሼ እደውላለሁ» አልኳት። ቀና ስል ስክሪኑ ሰማንያ ከመቶ ይላል። ዘንጉ ጠረጴዛው ላይ ነው። ማንም አልነካውም።

ልጅቷ ዘንጉን አየችው። አይታዋለች፣ ወላሂ አይታዋለች! ከዚያ እኔን አየች። ከዚያ ተመልሳ ስክሪኑን። «ያዢው» አላለችኝም። «እንደገና እንጀምር» አላለችኝም። ማስቲካዋን እያኘከች ጠበቀች። ሰማንያ አምስት፣ ዘጠና፣ መቶ። ማሽኑ ጢጥ አለ፣ ፕሪንተሩም ወረቀቱን አወጣ። ወረቀቱን አንስታ፣ በዚያው በሚያሳዝን ድምጿ፣ በእስክሪብቶ እያሰመረች አነበበችልኝ። «መጥፎዎቹ ባክቴሪያዎች ትንሽ ቀንሰዋል። ግን የአንጀትሽ ግድግዳ በጣም ደክሟል። ሁለተኛውን ፓኬጅ ካልወሰድሽ የመጀመሪያውም ከንቱ ነው።»

የማን አንጀት ነው የደከመው? የጠረጴዛው?

«ልጄ፣ እኔ እኮ ብረቱን አልያዝኩትም» አልኳት።

«ማሽኑ አንዴ ካገኘሽ ይበቃዋል። በሞገድ ነው የሚሠራው።»

«እሺ፣ እንግዲያው ድገሚው። ዘንጉን እዚሁ ተዪው፣ እኔ ውጭ እቆማለሁ።»

መልስ የለም። ዞር ብላ ሂሳብ የሚቀበለውን ልጅ አየችው፣ ሁለቱም ፈገግ አሉ። ያቺን ፈገግታ ነው ሌሊቱን ሙሉ ሳላምጥ ያደርኩት። ልጁ ወንበሩን ሳይለቅ ተናገረ። «እናቴ፣ ይሄ ቴክኖሎጂ ነው። አንቺ ከፊራ ገበያ ሽንኩርት የምትመዝኚ ሰው ነሽ፣ ይሄ አይገባሽም።»

ከፊራ ሽንኩርት እንደምሸጥ የነገርኳቸው እኔው ነኝ፣ መጀመሪያ ቀን፣ ወገብሽን ያምሻል ወይ ሲሉኝ። «የኔ ሚዛን ሽንኩርት ሳይጫንበት ኪሎ ቆጥሮ አያውቅም» አልኩት። ሳቀ። ብሬን ስጠይቅ ደግሞ «የተከፈተ ዕቃ አይመለስም» አለና ከኋላዬ ወረፋ ይጠብቁ ለነበሩ አዛውንት «አባባ፣ ይግቡ» አላቸው። እኔ ፊት፣ ያንኑ ዘንግ አስጨበጧቸው። «አባቴ ይቅርብዎት፣ ውሸት ነው» አልኳቸው። «ነፃ እኮ ነው ልጄ» አሉኝ።

እየተቃጠልኩ ባጃጅ ይዤ በቀጥታ የሰፈራችን ፋርማሲ ገባሁ። ፋርማሲስቷን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። የሻዩን ካርቶን አገላብጣ ከታች በኩል ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበች፤ «ካሲያ አንጉስቲፎሊያ» ይላል። «ይሄ እኮ ሰናመኪ ነው» አለችኝ። ሰናመኪ! እኔ ከምሸጥበት ጥቂት መደብ አለፍ ብሎ፣ ቅመም የሚሸጡት ሴቶች ጋ በፌስታል ያለው ሰናመኪ! ለሆድ ድርቀት ለአጭር ጊዜ የሚወሰድ፣ ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው፣ ምንም ምስጢር የለውም። የወጣልኝም «ቆሻሻ» አይደለም፤ ውሃዬና ጨዌ ነው።

ይባስ ብላ የነገረችኝን ስሙ። ሰናመኪ ብቻውን አይሠራም። ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ነገር ፈትተው ሥራ የሚያስጀምሩት የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ናቸው። አልቀዋል የተባልኩት ባክቴሪያዎች ማለት ነው! ያን ሁሉ ሌሊት ሽንት ቤት ያመላለሱኝ እነሱ ነበሩ፣ በሥራ ላይ።

እንክብሉንም አሳየኋት። ብልቃጡ ላይ «ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» ይላል። ሱቁ ውስጥ የት እንደነበረ ትዝ አለኝ፤ መስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ በሰልፍ። በድሬ ፀሐይ! እኛ እንኳ በምንቀቀልበት መስኮት ላይ የሚተርፍ ባክቴሪያ ካለ ይሸለም። ደግሞ ተርፎስ ቢሆን? የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ለአብዛኛው የሆድ ችግር ፕሮባዮቲክ (እንዲህ ያለ የባክቴሪያ እንክብል) እንዲወሰድ አይመክርም። ዱቄቱ ብቻ ነው ክፋት የሌለው። ግን ፋይበር ከተባለ ምስርም ፋይበር ነው፣ ጤፍም ፋይበር ነው።

«ታዲያ ሆዴን ምን ላድርገው?» አልኳት። መጀመሪያ ኤች ፓይሎሪው በትክክል መጥፋቱን አረጋግጪ አለችኝ። አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት ቆይቶ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞልም ለሁለት ሳምንት ተቋርጦ፣ በሰገራ ይታያል። ይሄን ማንም ጋውን ለባሽ አልነገረኝም። ባክቴሪያዎቹ ለአብዛኛው ሰው በሳምንታትና በወራት ውስጥ በራሳቸው ይመለሳሉ፣ የሚፈልጉት ቀለብ ነው። አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ እርጎ። የሚነፋሽ ከሆነ ሽሮና ባቄላውን በአንዴ አታብዢ፣ ቀስ በቀስ ጨምሪ አለችኝ። «እንጀራ በባክቴሪያ የተሞላ ነው» የሚሉትንም አትስሚ፤ ሊጡ ውስጥ ያሉት ምጣድ ላይ ይሞታሉ፣ ጥቅሙ ገለባው ነው። ጥሬ የግመል ወተትም ለሆድ ፍቱን ነው ሲሏችሁ አፍሉት፤ ሳይፈላ ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

ሰገራ ላይ ደም ያያችሁ ወይም ሳታስቡት ክብደት የቀነሳችሁ ግን ሻይም እርጎም ተዉና ሐኪም ጋ ሂዱ።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትክፈሉ። ዘንግ ካስጨበጧችሁ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡትና ስክሪኑን እዩ። የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ነፃ ስልክ 8482 ነው፣ እኔ ነገ ጠዋት እደውላለሁ። ከዚያ ብልቃጡንና የጠረጴዛውን የምርመራ ውጤት ይዤ ጤና ቢሮ እሄዳለሁ። እንደኔ ወረቀት ይዛችሁ የወጣችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አብረን እንሂድ።