ለጅማው የቮልስ መካኒክ ምስጋና፣ ሞተር ለምታሠሩም ጥቆማ

ጅማና አካባቢዋ ቮልስ የምትነዱ፣ በተለይ ሞተራችሁን አውርዳችሁ አቅሙን ጨምራችሁ እያሠራችሁ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ቁልፍ ከማዞራችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ሂርማታ በኩል ጠባብ ጋራዥ ያለቻቸው አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። የሠሩልኝን ሥራ ግን ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም።

መኪናዋ የአባቴ ቮልስ ናት። 1600 ሲሲ የነበረውን ሞተር በ90.5 ሚሊሜትር ፒስተንና ሲሊንደር ወደ 1776 ሲሲ አሳድጌዋለሁ፤ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት ተቀይሯል፣ ካርቡራተሩ ሁለት ሆኗል፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ቦሽ 009 ነው። ዕቃው የተሰበሰበው በብዙ ልፋት፣ በሰው በሰው ነው፤ አንዱ ቢበላሽ ጅማ ላይ ሱቅ ገብቼ የምተካው አይደለም። ሞተሩ ተገጥሞ ሲያልቅ «አስነሳውና ታይሚንጉን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት) በጆሮ እንይዘዋለን» ያለኝ ባለሙያ ነበር። ብዙ ቦታ እንደዚያ ነው የሚሠራው።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ወዲያው «አይሆንም ልጄ» አሉ። «ይህ ሞተር አንዴ ከተነሳ 20 ደቂቃ አይጠፋም፤ ስለዚህ ታይሚንጉ ሳይነሳ በፊት ነው ማለቅ ያለበት።» ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ ካምሻፍትና እሱ የሚገፋው አዲስ ታፔት እርስ በርስ የሚላመዱት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። የካምሻፍቱ ጉብታ ዘይት የሚያገኘው በርጭት ስለሆነ፣ ሞተሩ እንደተነሳ በደቂቃ ከ2000 እስከ 2500 ዙር ላይ መቆየት አለበት፤ ጋዝ ሳይረገጥ በሚዞርበት በሚኒሞ አይተውም። ታይሚንጉ ተዛብቶ አልነሳ ብሎ ሞተሪኖው ደጋግሞ ቢያዞረው፣ ሲገጠም የተቀባው ቅባት ተጠርጎ ያልቅና ብረት ከብረት ይፋጫል። ያን ሁሉ ወጪ ያወጣሁበት ካምሻፍት ገና መንገድ ሳያይ ሊያልቅ ይችል ነበር ማለት ነው።

መጀመሪያ ያደረጉት እውነተኛውን ዜሮ፣ ማለትም 1 ቁጥር ፒስተን ጫፍ የሚደርስበትን ቦታ መፈለግ ነው። ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዘንግ (ክራንክሻፍት) ጫፍ ያለው ፑሊ ላይ ምልክት አለ፤ ግን ፑሊው ለብቻው የተገዛ ስለሆነ ጋሼ ሳይለኩ አላመኑትም። ሴራሚኩ ከወጣለት አሮጌ ካንዴላ ላይ ብሎን በይደው የሠሯት መሣሪያ አለቻቸው። እሷን 1 ቁጥር ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ ላይ አሠሩና ሞተሩን በመፍቻ ቀስ አድርገው አዞሩ። ፒስተኑ ብሎኑን ነክቶ ሲቆም፣ የሞተሩ ሁለት ግማሾች በሚገናኙበት መስመር ትክክል ፑሊው ላይ ጫሩ። ወደ ኋላ አዙረው በሌላ በኩል ሲነካ ሌላ ጭረት ጨመሩ። የሁለቱ ጭረቶች እኩሌታ ዜሮ ነው። ተለጥፎ ከመጣው ምልክት ጋር ስናስተያየው ወደ 4 ዲግሪ ይለያያል። በዚያ ምልክት ብንሄድ እሳቱን ከዜሮ 30 ዲግሪ አስቀድመናል ብለን ሞተሩ 34 ላይ ይሠራ ነበር።

ቀጥሎ ያየሁትን እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ እያወራሁ ነው። ቀጭን ወረቀት ፑሊው ላይ ጠምጥመው ጫፍና ጫፉ የተገናኘበትን ቆረጡ። ወረቀቱን ለሦስት አጠፉት፣ ከዚያ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት። 12 እኩል ክፍል ወጣው። ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ነውና አንዱ ክፍል 30 ዲግሪ መሆኑ ነው። ያንኑ አንድ ክፍል ሁለቴ ሲያጥፉት ደግሞ 7.5 ዲግሪ ሆነ። 7.5ቱ ለማስነሻ፣ 30ው ለከፍተኛ ዙር ነው፤ ሁለቱንም ከዜሮው በስተቀኝ ለክተው በነጭ ቀለም አሰመሩ። ውድ ዕቃ የለም፤ ልኬቱ ግን ትክክል ነው።

ከዚያ የዲስትሪቢውተሩን ፖይንት (ሲከፈት እሳት የሚያስነሳው መገናኛ) ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር አደረጉ፤ ክፍተቱ ሲቀየር ታይሚንጉም አብሮ ስለሚቀየር ይህ ይቀድማል። በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሚዞረው ሮተር ወደ 1 ቁጥር ማየቱን፣ የካንዴላ ገመዶቹ የ1-4-3-2 ተራ መያዛቸውን አዩ። ፑሊውን 7.5 ላይ አቁመው፣ የአንዲት አምፖል አንዱን ሽቦ ከኮይሉ (የእሳቱን ኃይል ከሚሰጠው) 1 ቁጥር ጫፍ፣ ሌላውን ከሞተሩ አካል ጋር አገናኙና ዲስትሪቢውተሩን በጣት በጣት ሲያዞሩት ፖይንቱ ሲከፈት አምፖሏ ቦግ አለች። እዚያው ላይ አጠበቁት። ቁልፉን ስነካው ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን ጥቂት ነው።

20 ደቂቃው ካለቀ በኋላ በእያንዳንዱ እሳት ቦግ እያለ ምልክቱን የሚያሳየውን የታይሚንግ መብራት አመጡ። 3000 ዙር ላይ ክራንክሻፍቱ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ብቻ 18 ዲግሪ ይዞራል፤ ነዳጁ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ፒስተኑ አይጠብቅም፣ ስለዚህ ዙሩ ሲጨምር እሳቱም መቅደም አለበት። 009 ይህን የሚያደርገው በውስጡ ባሉት ክብደቶች ብቻ ነው። ጋሼም በሚኒሞ የሚታየውን ትተው፣ ከ3000 ዙር በላይ ምልክቱ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ጠብቀው 30 ላይ አሰሩት።

32 ይሻል እንደሁ ጠየቅኳቸው። «ጅማ ላይማ ይሸከማል፤ አዲስ አበባ ስትሄድ ጊቤን አትወርድም?» አሉኝ። ከተማችን ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሞተሩ ቶሎ አያንኳኳም (ነዳጁ ያለ ሰዓቱ ፈንድቶ ፒስተኑን አይመታም)። ጊቤ በረሃ ሲወረድ አየሩ ይከብዳል፣ ይሞቃል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ወልቂጤ ዳገቱ አለ። ቮልስ ላይ ደግሞ ሲያንኳኳ የፋኑ ጩኸት ድምፁን ይውጠዋል፤ ፒስተኑ እስኪበሳ ሳይሰማ ሊቀር ይችላል። በጆሮ የሚባለውን የምቃወመው ለዚህ ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ ጆሮ የሚሰማው ነገር የለም።

መጨረሻ ላይ አብረን የጅሬንን ዳገት ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጣን። ከላይ ሞተሩን አጥፍተው ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈቱና ነጩን ሴራሚክ በአጉሊ መነጽር አዩት። የሚፈልጉት ጥቃቅን የአሉሚኒየም ነጠብጣብ ነው፤ እሱ ካለ ፒስተኑ እየተጎዳ ነው። አልነበረም።

ዋጋቸውን ሳይጀምሩ ነው የሚናገሩት፣ ሲጨርሱም አልጨመሩብኝም። ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ አጠገብዎ ቆሞ መብራት ይይዝ የነበረውን ልጅም አመሰግናለሁ።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፤ መጀመሪያ የቫልቩ ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር መሆኑን ያያሉ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ነው የሚከፍቱት።