ክፍቱ ዲሽ ወይስ የተቆለፈው፦ ለድሬዳዋ ቤት የቱ ያዋጣል?

ከዚራም ሆነ ሳቢያን ጣሪያ ላይ ቀና ብሎ ላየ ዲሹ ሁሉ አንድ ይመስላል። ልዩነቱ ያለው ታች ሳሎን ውስጥ ነው።

ክፍቱ የአገር ውስጥ ቻናሎች በነፃ ወደሚታዩበት ኢትዮሳት፣ ማለትም ሳተላይቱ ወዳለበት ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ የዞረው ነው። ዲሹንና ሪሲቨሩን አንዴ ገዝተው ካሠሩ ወርሃዊ ክፍያ የለም። መኝታ ቤት ሌላ ቴሌቪዥን ካለ ባለሁለት መውጫ ኤል ኤን ቢ (ዲሹ ፊት ለፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) ገጥሞ ሁለተኛ ሪሲቨር መጨመር ነው፤ አለቀ።

የተቆለፈው፣ ማለትም እንደ ዲኤስቲቪ በየጊዜው የሚከፈልበት፣ ጣጣው በዛ ይላል። ምስሉ ከሳተላይት የሚወርደው ሆን ተብሎ ተመሰቃቅሎ ነው፤ መፍቻ ቁልፉም በየጥቂት ሰከንዱ ይቀያየራል። ዲኮደሩ፣ ማለትም የተቆለፈውን የሚፈታው ሪሲቨር፣ ቁልፉን የሚያገኘው የተከፈለበት ጊዜ እስካላለፈ ድረስ ብቻ ነው። ቀኑ ሲያልፍ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። ይህን ያላወቀ ዲሹን ሊያስተካክል ጣሪያ ይወጣል፤ ያውም በድሬ ፀሐይ! እናት ሳሎን ድራማ፣ ልጅ መኝታ ቤት ኳስ ልይ ቢሉ ደግሞ አንድ ዲኮደር ለሁለቱም አይበቃም።

ለዜናና ለድራማ ብቻ ከሆነ መክፈሉ አይታየኝም። ፕሪሚየር ሊግን በአማርኛ ኮሜንታተር እቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚከታተል ግን የተቆለፈው ይሻለዋል፤ አልፎ አልፎ ለሚያይ ኳስ ማሳያ ቤት ከፍሎ መግባቱ ይረክሳል።

ኮድ ሰባሪ ሪሲቨሮችን እንደ ሦስተኛ አማራጭ አልቆጥራቸውም፦ ሕገወጥ ከመሆናቸውም በላይ ቁልፉ የተቀየረ ዕለት ዋጋ የላቸውም።