ሲስተርን ላመሰግን ነው፤ ታዳጊ ሴት ልጅ ያላችሁ አንብቡልኝ

ባህር ዳር ላላችሁ፣ በተለይ ሴት ልጅ ለምታሳድጉ ነው የምጽፈው። አንዲት ነርስ ማመስገን እፈልጋለሁ። ስሟን እንዳልጠቅስ ስለጠየቀችኝ ሲስተር እያልኩ እቀጥላለሁ። ጽሁፉን ታናሽ እህቴ አንብባ "ለጥፊው" ብላኛለች።

እህቴ 17 ዓመቷ ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። የፍቅር ጓደኛ እንዳላትና ስለ እርግዝና መከላከያ ማወቅ እንደምትፈልግ ራሷ ነገረችኝ። ደነገጥኩ፤ ግን ስለነገረችኝ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ስንቷ ናት ለቤተሰቧ የምትናገር?

መጀመሪያ የሄድንበትን ቦታ ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል። የተቀበለችን ሴት ሰው በተሰለፈበት ጮክ ብላ "ባል አላት እንዴ?" አለች። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሁሉ ዞሮ አየን። ውስጥ ስንገባ ደግሞ "ሳትወልጂ ይህን ከጀመርሽ ማህፀንሽ ይደርቃል፤ አርፈሽ ተማሪ" ተባለች። ይህን የሚለው እኮ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ነው! ልጅቷ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች።

ከዚያ የገባንበት ፋርማሲ ደግሞ ምንም ሳይጠይቅ እንክብል በላስቲክ አድርጎ ሰጠን። ዕድሜዋን አልጠየቀም። ሕመም አለባት ወይ አላለም። ብሩን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ። እህቴ ፈርታ ሳትውጠው ቀረች። እንኳንም አልዋጠችው።

ሲስተርን የጠቆመችን ጎረቤቴ ናት፤ እሷንም እግዚአብሔር ይስጣት። ጤና ጣቢያው ውስጥ ለወጣቶች የተለየች ክፍል አለች። በሯ በጓሮ በኩል ስለሆነ ከካርድ ክፍሉ ሰልፍ ጋር አትገናኝም። ሲስተር ሰላም ካለችን በኋላ "እህቴ፣ አንቺ ትንሽ ውጪ ጠብቂን፤ የሷን ነገር ከሷ ልስማ" አለችኝ። በአክብሮት ነው ያለችው። ወጣሁ። ውስጥ የሆነውን እህቴ ናት በኋላ የነገረችኝ።

እህቴ ስትጨነቅ ድምጿ ይጠፋል። ሲስተር ጠይቃት መልስ ስታጣ አልተቆጣቻትም። ታብሌትና ኤርፎን ሰጠቻት። "አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ አድምጪ፤ የሚመለከትሽን ብቻ ንኪ። እኔ መዝገብ እሞላለሁ" ብላ ወደ ጠረጴዛዋ ዞረች። ይህችን ነገር ደጋግሜ አስባታለሁ። አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ ግን ሳታፈጥባት!

ታብሌቱ በአማርኛ ይናገራል፣ ሥዕልም አለው። ምን እንደሚያስፈራት ይጠይቃታል። መካን መሆን? መወፈር? ቤተሰብ ማወቁ? ሁሉንም ነካች። ማህፀን እንደማይደርቅ አስረዳት። እንክብሉን ስታቆሚ ወይም ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ሲወጣ ማርገዝ ይቻላል፤ የሦስት ወሩ መርፌ ግን ካቆሙት በኋላ ወራት ሊያዘገይ ይችላል ይላል። ሳይደብቅ ነው የሚናገረው። ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው ኮንዶም እንደሆነም ነገራት።

ከዚያ ስለ ጤናዋ ጠየቃት። ራስሽን ያምሻል? ሕመሙ ሊጀምርሽ ሲል ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብሻል? እህቴ "አዎ" የሚለውን ነካች። እኛ ቤት ይህ የጥናት ብዛት ነው ይባል ነበር። ታብሌቱ ላይ ቀይ ምልክት መጣ። ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አጠገቧ መጣችና አንድ በአንድ ጠየቀቻት። ከዚያ ፈቃዷን ጠይቃ እኔን አስገባችኝ።

እንዲህ ዓይነት ራስ ምታት፣ ማይግሬን ያለባት ሴት ብዙው ሰው የሚወስደውን እንክብል መውሰድ የለባትም አለችን። ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን የፋርማሲ እሽግ አወጣሁላት። ያው ራሱ ነበር። እጄ ተንቀጠቀጠ። የሆርሞኑን ዝርዝር ለባለሙያ ልተወው። ለሷ የሚሆኑ ሌሎች ብዙ አማራጮች እንዳሉ ግን ረጋ ብላ አሳየቻት። "ዛሬ መወሰን የለብሽም፤ አስቢበትና ተመለሺ" አለቻት። በኋላ ተመልሳ መረጠች። ምን እንደመረጠች የሷ ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀጠሮ በመልእክት እንደሚላክ ነገረቻትና "ስልክሽን ሌላ ሰው ይነካዋል?" ብላ ጠየቀቻት። ወንድሞቻችን ይነኩታል። ስለዚህ መልእክቱ "ነገ ቀጠሮ አለሽ" ብቻ እንዲል አደረገችው። ይህን ማን ያስባል? ሲስተር አሰበችው።

ለምን እንዲህ እንደሚሰማኝ ልንገራችሁ። እኔ በ16 ዓመቴ ነው የወለድኩት። ልጄን እወደዋለሁ፣ ዓይኔ ነው። ግን ዘጠነኛ ክፍልን ሳልጨርስ ቀረሁ። ማንም ቁጭ አድርጎ የነገረኝ አልነበረም። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2016 በተደረገው የሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጃገረዶች 13 በመቶው ወልደዋል ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል። እህቴ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፤ ፋርማሲ ማጥናት ትፈልጋለች።

እናቶች፣ እህቶች፣ አባቶችም፣ እባካችሁ ልጆቻችሁን ፋርማሲ መስኮት ላይ አትጣሏቸው። ዕድሜዋ ትንሽ ስለሆነ ብቻ መከላከያ አይሰጣትም የሚላችሁን አትስሙ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ዕድሜ ብቻውን ምክንያት አይሆንም ይላል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ አገልግሎቱ በነፃ ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁም ሄዳችሁ "የወጣቶች ክፍል የት ነው?" በሉ።

ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ፤ ዘርሽ ይባረክ። ባህር ዳር ያላችሁ ቦታውን በኢንቦክስ ጠይቁኝ። ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፤ ሰው ቀለል ይላል፣ ተማሪዎችም ከትምህርት መልስ ይደርሳሉ። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ እሽጉን ይዛችሁ ሂዱ።