ድሪፑን ልቅበረው ወይስ ከላይ ልዘርጋው?

ድሪፕ ማለት ውሃውን በጠብታ በጠብታ የሚያጠጣው ባለቀዳዳ ቱቦ ነው፤ መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። መቂና ባቱ አካባቢ በሞተር ውሃ እየሳባችሁ ሽንኩርትና ቲማቲም የምታለሙ ከሆነ አትቅበሩት። አቮካዶ፣ ፓፓያ ወይም አልፋልፋ ከሆነ ግን መቅበሩ በደንብ ሊታሰብበት ይገባል።

አንደኛው ምክንያት እርሻው ነው። ለአትክልት የሚቀበር ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነው የሚወርደው። ትራክተርም ሆነ የበሬ ማረሻ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ሽንኩርቱን ነቅላችሁ መሬቱን ስትገለብጡ ቱቦው ተቆራርጦ ሊወጣ ይችላል። የላዩን ግን ጠቅልላችሁ ጥግ ታስቀምጡና አርሳችሁ ስትጨርሱ መልሳችሁ ትዘረጉታላችሁ።

የተቀበረው ውሃውን የሚሰጠው ከሥር ነው። ጥቂት ሰዓት ካጠጣችሁ በኋላ አፈሩን በእጃችሁ ጫር ጫር አድርጉት። ላይ ላዩ ብናኝ ነው፣ ወደ ታች ስትገቡ ግን ጭቃው ጣታችሁ ላይ ይጣበቃል። ሥሩን ለዘረጋ ተክል ከዚህ የተሻለ የለም፤ ትነቱ ይቀንሳል፣ አረሙም ውሃ ስለማያገኝ ይሳሳል። ገና ለተዘራ ዘር ወይም ትናንት ለተተከለ ችግኝ ግን ውሃው አይደርስለትም፣ በተለይ አሸዋ በበዛበት መሬት ላይ ወደ ታች ስለሚሰምጥ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በሌላ መንገድ ማጠጣት ግድ ይላችኋል። ሸክላማ አፈር ወደ ላይም ወደ ጎንም ስለሚስብ ትንሽ ይሻላል።

ስምጥ ሸለቆ ላይ ደግሞ የጨው ነገር አለ። መካከለኛው አዋሽ ላይ ስንት የጥጥ መሬት በጨው ምክንያት ከእርሻ ውጪ እንደሆነ እናውቃለን። ድሪፕ ጨውን አያጠፋም፣ የረጠበው አፈር ጠርዝ ላይ ይገፋዋል። የላዩ ወደ ጎን ይገፋል። የተቀበረው ደግሞ ከቱቦው በላይ ያከማቸዋል፣ ልክ ዘር የሚያርፍበት ቦታ ላይ። ስለዚህ ካፊያ ሲመጣ ሞተሩን አታጥፉ፤ ትንሽ ዝናብ ያንን ጨው አጥቦ ሥር ላይ ያወርደዋል።

ዋጋውን በአንድ ዓመት አትለኩት። 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስስ ቱቦ ከላይ ተዘርግቶ አንድ ሁለት ምርት ያደርሳል። የሚቀበረው ወፍራም ነው፣ በደንብ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል። ግን ተጨማሪ ዕቃ ይፈልጋል። አየር የሚያስገባ ቫልቭ ከሌለው ሞተሩ ሲጠፋ ቱቦው ጭቃውን በቀዳዳው ወደ ውስጥ ይስበዋል። የላዩ ሲደፈን ደረቁን ቦታ በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ የተቀበረው ግን ተክሉ ካልጠወለገ አይነግራችሁም፤ ለዚህ ነው የግፊት መለኪያና የውሃ ቆጣሪ የግድ የሚሆነው። ተክሉ ውሃ ሲያጥረው ሥሩ ራሱ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ፍልፈል ያለበት ማሳ ከሆነ ቱቦውን ሊቆርጠው ስለሚችል እሱንም አስቡት።

ከሁለቱም በፊት ግን ፊልተር። ከሐይቅ ለሚሳብ ውሃ የአሸዋ ፊልተር፣ ከዚያ 120 ሜሽ (በአንድ ኢንች 120 ቀዳዳ) ያለው የወንፊት ፊልተር ይከተል። ልትገዙ ከመሄዳችሁ በፊት ማታ አንድ ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩ። ጠዋት ከሥሩ የተኛውን ደለል አይታችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁት ወደ ሻጩ ሂዱ፣ የትኛው ፊልተር ይህንን እንደሚይዝ እሱ ፊት ለፊታችሁ ያሳያችሁ።