ስካን የተደረገ ሰነድ ወይስ የአዛውንት ድምፅ?

በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የተነሳውን የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎችን አመጽ ለኮሌጅ ተማሪ በምን ማስተማር ይሻላል? ደብረ ማርቆስ ያለን የታሪክ መምህራን ቡና ላይ የምንከራከርበት ነው።

ወጪ፦ ሰነድ አንዴ ስካን ተደርጎ በቴሌግራም ይላካል። የአዛውንት ድምፅ መቅረጽ ግን ገጠር መውረድን፣ የመኪና ብርን፣ የአዛውንቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ማንን ያካትታል? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ስካን የተደረገ ገጽ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለም፤ የዓይነ ስውር ተማሪ ስልክ በቀላሉ አያነብለትም። እንደገና ካልተተየበ ያ ተማሪ ክፍል ውስጥ ተቀምጦም ውጪ ነው። ድምፁን ግን ይሰማል። (መስማት ለተሳነው ደግሞ ድምፁ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ አለበት፤ አድካሚ ነው፣ አልዋሽም።) ከዚያም በላይ፣ የመንግሥት ሰነድ በሹም አፍ ነው የሚናገረው፦ የእርሻ ገቢ ግብር፣ ጸጥታ፣ ሽፍታ። «ርስቴ ሊለካ፣ ሊወሰድብኝ ነው» ብሎ የሰጋውን ገበሬ የምናገኘው ከአዛውንቶች ወግ ነው። የአዊ ሽማግሌ በአገውኛ ሲያወጋማ ሌላ ሀብት ነው፤ አስተርጓሚ ይፈልጋል እንጂ።

ስጋት፦ ትዝታ ዘመን ያምታታል፤ ሰነድ ቀን ይይዛል።

ክፍሉ ሰፊ፣ ጊዜው አጭር ከሆነ ሰነዱን ያዙ፤ ግን አስተይቡት። ተማሪዎቹ ጥቂት ሆነው ከየወረዳው ከመጡ፣ ለእረፍት ሲሄዱ አያቶቻቸውን በስልክ ይቅረጹ።