ፍቅር እስከ መቃብር፡ ማንበብ ወይስ ወጋየሁን መስማት?

እኔ ዝም ብዬ ልናገር፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ይበልጥብኛል። ሰውየው የመድረክ ተዋናይ ስለነበር ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ድምፁ ይገዝፋል፣ ጉዱ ካሳን ሲሆን ደግሞ ምፀቱ ብቻውን ያስቅሃል፣ ሰብለ ጋር ሲደርስ ለስለስ ይላል፣ እና ይሄ ሁሉ አንድ ሰው ነው እኮ! አሁን ዩቲዩብ ላይ ስላለ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ታክሲ ውስጥ ኢርፎን ሰክተህ ስትሰማው ትራፊኩ ራሱ ይረሳሃል (ወራጅ አለ ማለትም ጭምር)።

መፅሐፉስ? ሀዲስ አለማየሁ በ1958 ያሳተሙት ነው፣ አሮጌ መፅሐፍ የሚሸጡት ጋር ጠይቅ። እውነት ለመናገር የጉዱ ካሳ ረጃጅም ንግግሮች ሲነበቡ ነው የሚገቡት፣ ስርአቱን የሚተችበት ቦታ ላይ ቆም ብለህ ደግመህ ማየት አለብህ፣ ትረካው ላይ ግን ድምፁ ይዞህ ይነጉድና ሀሳቡ ያመልጥሃል። እዚህ ላይ መፅሐፉ ያሸንፋል፣ አልከራከርም።

አንብቦ የማያውቅ ሰው ግን በወጋየሁ ይጀምር ባይ ነኝ። የበዛብህና የሰብለን መጨረሻ ብቻ ታክሲ ውስጥ እንዳትሰሙት፣ ሰው ያያችኋል።