«20 ቶን» የተባለውን አሸዋ ውስጥ የተቀረቀረ መኪና መጎተቻ ኪት እንዳትገዙ

ዱባይ፣ ሻርጃና አቡዳቢ ያላችሁ ወገኖች፣ ሙቀቱ በረድ ብሎ ወደ አል በዳየርና ወደ ሊዋ በረሃ በመኪና መውጣት ሲጀመር አንድ ዓይነት ቦርሳ በየመለዋወጫ ሱቁና በየማኅበራዊ ሚዲያው ይቸረቸራል። ውስጡ ገመድ፣ ሁለት ሻክል (ገመዱን ከመኪናው የሚያያይዝ ባለ ቡሎን ብረት)፣ ጓንት፣ ታጣፊ አካፋና ትንሽ የጎማ ንፋስ መሙያ አለው። ዋጋው ያጓጓል። አትግዙት፤ በተለይ ለገመዱ ብላችሁ።

መጀመሪያ የገመዱን ጫፍ እዩ። የብረት መንጠቆ ከተሰፋበት እዚያው መልሱት። መንጠቆው ከተሰበረ ወይም ከወለቀ በተለጠጠው ገመድ ኃይል ተወንጭፎ መስታወት ሰብሮ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል። የደህና ገመድ ጫፍ ራሱ ገመዱ ታጥፎ የተሠራ ቀለበት ነው፣ ብረት የለውም።

«20 ቶን» የሚለው ጽሑፍ የሚበጠስበት ይሁን በሰላም የሚሠራበት ክብደት አይናገርም። እውነት ቢሆን እንኳ አይጠቅማችሁም። አውስትራሊያ ውስጥ እንዲህ ያለ ገመድ የመበጠሻ አቅሙ ተጽፎበት መሸጥ አለበት፤ አቅሙም ከጎታቹና ከተቀረቀረው መኪና የቀለለው ከነሙሉ ጭነቱ ከሚመዝነው ከ2 እስከ 3 እጥፍ እንዲሆን ይመከራል። ከነጭነቱ 3.3 ቶን ለሚሆን መኪና ከ6.6 እስከ 9.9 ቶን ማለት ነው። ከዚያ በላይ የወፈረ ገመድ በቂ አይለጠጥም፤ ድንገተኛውን ምት ሁሉ ሻንሲው ይቀበለዋል።

ትልቁ ማጭበርበር ግን ክሩ ላይ ነው። ለአሸዋ የሚሆነው ናይለን ነው፦ ጠፍጣፋው እስከ 20 በመቶ፣ ክብ የተጎነጎነው ኪነቲክ (እየተለጠጠ የሚስብ) ገመድ እስከ 30 በመቶ ይለጠጣል። በርካሹ ቦርሳ ውስጥ «ኪነቲክ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው። እሱ በአስፋልት የተበላሸ መኪና ቀስ ብሎ ለመሳብ ይሆናል እንጂ ተንደርድሮ ለመንጠቅ አይሆንም።

ሻክሉን በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ለኩት። አሸዋ ለሚወጡ መኪኖች የተለመደው 4.75 ቶን የሚሠራው ነው፤ አካሉ 19፣ ቡሎኑ 22 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ቁጥሩም ብረቱ ላይ ጎልቶ ይወጣል። በስቲከር ብቻ የተለጠፈ ቁጥር ዋጋ የለውም። ስታስሩት ቡሎኑን እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁ ሩብ ዙር መልሱት፣ አለበለዚያ ከጉተታ በኋላ አልፈታም ይላል።

የንፋስ መሙያው ከሲጋራ መለኮሻ የሚሠራ ነው። ለአሸዋ ያስተነፈሳችኋቸውን አራት ትልልቅ ጎማዎች ከ15 ወደ 35 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ልመልስ ስትሉ ይግላል ወይም ፊውዝ ያቃጥላል። በቀጥታ ባትሪ ላይ የሚቆነጠጠውን ፈልጉ።

ሻጩ «የትም እሰረው» ካላችሁ አትስሙት። ተሳቢ የሚያያዝበት የብረት ኳስ ላይ ፈጽሞ አይታሰርም፤ ኳሱ ተሰብሮ ሰው ገድሏል። ከፓራውልቱ ሥር ያሉት ቀጫጭን ቀለበቶችም መኪናው በመርከብ ሲጫን ማሰሪያ ናቸው። ሻንሲው ላይ በቡሎን የታሰረ፣ አቅሙ የተጻፈ መጎተቻ ያስፈልጋል።

ደግሞ አብዛኛው የተቀረቀረ መኪና ገመድም አይፈልግም። ጎማው መሽከርከር እንደጀመረ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱ፤ በረገጣችሁ ቁጥር ዲፈረንሻሉ አሸዋው ላይ ይቀመጣል። የጎማውን ንፋስ ወደ 12 ፒኤስአይ አውርዱ፣ ከጎማው ፊትና ኋላ እንዲሁም ከመኪናው ሆድ ሥር አሸዋውን ጥረጉ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ በመጣችሁበት ዱካ ወደ ኋላ ውጡ። በ12 ንፋስ ግን መሪ በድንገት አይጠመዘዝም፣ ጎማው ከቸርኬው ይወጣል።

ገመድ የግድ ካስፈለገ፣ ጎታቹ 1 ወይም 2 ሜትር ያህል ልል ትቶ በዝግታ ይነሳ፤ ካልወጣ ፍጥነት ከመጨመር በፊት እንደገና ቆፍሩ። ከሾፌሮቹ በቀር ማንም መኪና ውስጥ አይቀመጥ፤ የቀረው ሰው በጎን በኩል ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይራቅ። በስልክ ቪዲዮ የሚቀርጸውም ጭምር፤ ሁልጊዜ ገመዱ አጠገብ የሚገኘው እሱ ነው።